በቨርቹዋል ማሽን አስመሳይ መሣሪያዎች ላይ ስለሚደርሰው የዝግጅት ቅደም ተከተል ስሕተትና ስለ አስተራረሙ

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ጓደኛችን ለአንድ ትንሽ የቈጣሪ መሣሪያ ድራይቨር እንዲጽፍ ተመድቦ ነበር። መሣሪያው ከብረትና ከሽቦ የተሠራ አልነበረም፤ ሦስት ተማሪዎች ሆነን በሲ ቋንቋ ጽፈን ኪውኤምዩ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ያስገባነው አስመሳይ መሣሪያ ነበር። መሣሪያው ሲነሣ በኢንተራፕት መስመሩ «ዝግጁ ነኝ» የሚል ምልክት እንዲሰጥ፤ ድራይቨሩም ያን ምልክት ተቀብሎ ሥራውን እንዲጀምር ተስማምተናል። ነገር ግን የጓደኛችን ድራይቨር ምልክቱን ሲጠብቅ ይውላል እንጂ ምልክቱ አልመጣለትም። እርሱም ስሕተቱ የራሱ መስሎት ድራይቨሩን ሦስት ጊዜ አፍርሶ ጻፈ፤ ሁለት ሳምንትም አለፈው። በመጨረሻ የመሣሪያውን የሁኔታ ሬጅስተር በእጁ ሲያነብ «ዝግጁ» የሚለው ቢት 1 ሆኖ አገኘው። መሣሪያው «ጠርቻለሁ» ይላል፤ የኢንተራፕት ተቆጣጣሪው ግን «ማንም አልጠራኝም» ይላል። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የእኛ መሆኑ ታወቀ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ስሕተትና ወንድሞቹ ከየት እንደሚመጡና እንዴት እንደሚታረሙ ለጓደኞቻችን ለማስረዳት ነው። እነዚህ ስሕተቶች የሚወለዱት አንድ ሥራ ክፉ ሆኖ ስለተሠራ ሳይሆን፤ መልካም ሆኖ የተሠራው ሥራ ያለ ጊዜው ስለተሠራ ነው። ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ቢመረምሩት ምንም ነቀፋ አይገኝበትም።

1. አስመሳይ መሣሪያ ምንድን ነው?

ኪውኤምዩ ፋብሪስ ቤላር በ2003 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ ያቀረበው ፕሮግራም ሲሆን፤ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ያለ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል። ኬቪኤም የተባለው ክፍል በ2007 (እ.ኤ.አ.) ከሊኑክስ 2.6.20 ጋር ከተዋሐደ ወዲህ የእንግዳው ሥርዐት ትእዛዞች በእውነተኛው ፕሮሰሰር ላይ በቀጥታ ሊሠሩ ይችላሉ። ሆኖም እንግዳው የሚያያቸው ብዙዎቹ መሣሪያዎች፤ ማለት የጽሑፍ ማስተላለፊያው ወደብ፣ ሰዓቱ፣ የዲስክ መቆጣጠሪያው፤ ዛሬም በፕሮግራም የሚመሰሉ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንግዳው ሥርዐት ለመሣሪያው በተመደበ የሜሞሪ አድራሻ ላይ ሲጽፍ ወይም ሲያነብ፤ አስመሳዩ ፕሮግራም ያን ይይዝና ለዚያ መሣሪያ የተጻፈውን ፈንክሽን ይጠራል። ፈንክሽኑም እውነተኛው መሣሪያ የሚመልሰውን መልስ ይመልሳል። መሣሪያው በበኩሉ እንግዳውን ሊጠራ ሲፈልግ የኢንተራፕት መስመሩን ከፍ ያደርጋል፤ ይህም ምልክት በተቆጣጣሪው በኩል ወደ ፕሮሰሰሩ ይደርሳል።

በእውነተኛው ዓለም መሣሪያዎቹ በቦርዱ ላይ ተበይደው ሽቦዎቹ ሁሉ ከተገጠሙ በኋላ ኤሌክትሪክ ይለቀቅባቸዋል። በፕሮግራም ዓለም ግን አንዱ ከሌላው በኋላ ይፈጠራል፤ ሽቦውም አንድ በአንድ ይገጠማል። ስለዚህ ከመሣሪያዎቹ ግማሹ ተወልዶ ግማሹ ያልተወለደበት፤ አንዱ ሽቦ ተገጥሞ ሌላው ያልተገጠመበት ጊዜ አለ። የስሕተቱ መኖሪያ ይህ የመሸጋገሪያ ጊዜ ነው።

2. መሣሪያው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

በኪውኤምዩ አንድ መሣሪያ የሚከተሉትን ደረጃዎች ያልፋል።

ሀ) መፈጠር፤ ይህም «ኢንስታንስ ኢኒት» ይባላል። ለመሣሪያው ቦታ ይያዝለታል፤ የኢንተራፕት መስመሮቹና የሜሞሪ ክልሉ ስም ያገኛሉ። በዚህ ደረጃ ተጠቃሚው ስለ መሣሪያው የሚሰጠው ልክ ገና አልደረሰም፤ ያለው ጸሐፊው አስቀድሞ ያኖረው የተለመደ ልክ ብቻ ነው። ይህ ደረጃ «አልተሳካልኝም» ብሎ ለመመለስ መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ሊከሽፍ የሚችል ሥራ አይሠራበትም።

ለ) ልክ መቀበል። ፕሮፐርቲ የሚባሉት ነገሮች፤ ለምሳሌ የሰዓቱ ፍጥነት ወይም የመስመሮቹ ብዛት፤ በዚህ ጊዜ ይሞላሉ።

ሐ) እውን መሆን፤ ይህም «ሪያላይዝ» ይባላል። መሣሪያው የተሰጠውን ልክ ይመረምራል፤ ልኩ ስሕተት ከሆነ ምክንያቱን ገልጾ ሥራውን ያቆማል፤ ልክ ከሆነ ግን ሥራ ለመጀመር ይሰናዳል።

መ) መገጣጠም። የቦርዱ ፕሮግራም የመሣሪያውን ውጪ መስመር ከተቆጣጣሪው መግቢያ ጋር ያያይዛል። ለተራ የሲስተም ባስ መሣሪያ ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከሪያላይዝ በኋላ ነው።

ሠ) ወደ መነሻ መመለስ፤ ማለት ሪሴት። ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊትና እንግዳው ራሱን እንደገና ባስነሣ ቍጥር ሁሉም መሣሪያ ወደ መነሻ ሁኔታው ይመለሳል።

ፒኤል 011 የተባለው የአርም ጽሑፍ ማስተላለፊያ ወደብ ለዚህ አከፋፈል መልካም ምሳሌ ነው። የሜሞሪ ክልሉና ስድስቱ የኢንተራፕት መስመሮቹ የሚሰናዱት በመፈጠር ጊዜ ነው፤ ከውጭ ጽሑፍ ሲመጣ የሚጠሩት ፈንክሽኖች ግን የሚመዘገቡት በሪያላይዝ ነው። ምክንያቱም ጽሑፉ በየት በኩል እንደሚመጣ የሚወሰነው ተጠቃሚው በሚሰጠው ልክ ስለሆነ፤ ያ ከመታወቁ በፊት የሚመዘገብ ነገር የለም።

3. የሠራናቸው አራት ስሕተቶች

አንደኛ፤ ልኩ ሳይደርስ መለካት። ቈጣሪያችን በስንት ጊዜ አንድ እንደሚቈጥር ያሰላነው በመፈጠር ደረጃ ላይ ነበር። በዚያ ጊዜ ያለው የተለመደው ፍጥነት ስለሆነ፤ ተጠቃሚው ማናቸውንም ፍጥነት ቢሰጥ መሣሪያው በተለመደው ፍጥነት ብቻ ይሄድ ነበር። ፕሮግራሙ አልወደቀም፤ ማስጠንቀቂያም አልሰጠም። ዕርማቱ ስሌቱን ወደ ሪያላይዝ ማዛወር፤ እዚያም ፍጥነቱ ዜሮ ቢሆን ስሕተቱን ገልጾ ማቆም ነው።

ሁለተኛ፤ ለጥያቄ ብቻ የተፈጠረውን እንደ ሠራተኛ መቍጠር። በኪውኤምዩ አንድ ሰው «ይህ መሣሪያ ምን ምን ልክ ይቀበላል?» ብሎ ሲጠይቅ፤ ፕሮግራሙ መሣሪያውን ለጊዜው ይፈጥረዋል፤ ፕሮፐርቲዎቹን ያነባል፤ ወዲያው ያጠፋዋል። ሪያላይዝ ግን ከቶ አይደርስበትም። እኛ ታይመሩን የጀመርነው በመፈጠር ደረጃ ስለነበር፤ መሣሪያው ከጠፋ በኋላ ታይመሩ በባዶ ቦታ ላይ ቀረ። ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ ጥያቄውን ካቀረብን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ታይመሩ የሞተውን መሣሪያ ሲጠራ ፕሮግራሙ በሙሉ ወደቀ። ከዚህ የምንማረው በመፈጠር ደረጃ ከራሱ ከመሣሪያው ውጭ ያለን ነገር መንካት እንደማይገባ ነው።

ሦስተኛ፤ ሽቦ ሳይገጠም መጥራት። «ዝግጁ ነኝ» የሚለውን ምልክት የሰጠነው በሪያላይዝ መጨረሻ ላይ ነበር። ነገር ግን ከላይ እንደተገለጸው የቦርዱ ፕሮግራም መስመሩን የሚያያይዘው ከሪያላይዝ በኋላ ነው። ኪውኤምዩ ባልተያያዘ መስመር ላይ ምልክት ሲሰጥ ዝም ብሎ ይመለሳል፤ ይህም ሁሉም መስመር የግድ መያያዝ ስለሌለበት የተደረገ ትክክለኛ ነገር ነው። በእኛ ላይ ግን ጥሪውን ሰሚ የሌለው አደረገው። ጓደኛችን ሁለት ሳምንት የጠበቀው ምልክት ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተሰጥቶ የጠፋ ነበር።

የዚህ ስሕተት ተቃራኒም አለ። የአርም ኢንተራፕት ተቆጣጣሪ (ጂክ) የመግቢያ መስመሮቹ ብዛት በፕሮፐርቲ ስለሚወሰን መስመሮቹ የሚፈጠሩት በሪያላይዝ ጊዜ ነው። እኛ በቦርዱ ፕሮግራም ላይ ተቆጣጣሪው እውን ሳይሆን ቈጣሪውን ከእርሱ ጋር ልናያይዝ በሞከርን ጊዜ ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ መስመር የለም» በሚል መመርመሪያ ወዲያው ቆመ። ይህ ስሕተት ጮኾ ስለተናገረ በዐሥር ደቂቃ ታረመ፤ ዝም ያለው ግን ሁለት ሳምንት ወሰደ።

አራተኛ፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው መደምሰስ። ሦስተኛውን ስሕተት ለማረም ምልክቱን ወደ ሪሴት አዛወርነው። በአንደኛው ጓደኛችን ቦርድ ላይ ሠራ፤ በሁለተኛው ላይ እምቢ አለ። ልዩነቱን ስንፈልግ በአንዱ ቦርድ ቈጣሪው ከተቆጣጣሪው በኋላ፤ በሌላው ደግሞ በፊት ሪሴት እንደሚሆን አገኘን። ቈጣሪው ቀድሞ መስመሩን ከፍ ያደርጋል፤ ተቆጣጣሪው ተከትሎ ትዝታውን በሙሉ ሲደመስስ የተቀበለውን ምልክትም አብሮ ይደመስሰዋል። ተቆጣጣሪው የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ስለሆነ መስመሩን ዞሮ አያይም።

ኪውኤምዩ ለዚህ ችግር መድኀኒት የሚሆን ባለሦስት ደረጃ ሪሴት በ2020 (እ.ኤ.አ.) በወጣው በ5.0 እትም አስገብቷል። በመጀመሪያው ደረጃ፤ ማለት በመግቢያው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ሁኔታ ብቻ ይመልሳል፤ ሌላውን አይነካም። ሁሉም ይህን ከፈጸመ በኋላ ሁለተኛው፤ ማለት የመቆያው ደረጃ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ሌላውን መንካት ይፈቀዳል። ሦስተኛው ከሪሴት መውጫ ነው። እኛም ይህን አንብበን ምልክቱን በሁለተኛው ደረጃ አደረግነው፤ ግን አሁንም አልሠራም። ምክንያቱ በአሮጌው ልማድ የተጻፉ የሪሴት ፈንክሽኖች በአዲሱ ሥርዐት የሚጠሩት በሁለተኛው ደረጃ ስለሆነ ነው፤ ተቆጣጣሪያችንም ትዝታውን የሚደመስሰው በዚያው ደረጃ ነበር። ስለዚህ ምልክቱን ወደ ሦስተኛው ደረጃ አወጣነው። በዚያ ጊዜ የሚደመስስ ማንም አልቀረም፤ የቦርዱ ቅደም ተከተል ቢለዋወጥም ምልክቱ አልጠፋም።

4. መስመር ማዛወር ብቻ ለምን አይበቃም?

እዚህ ላይ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። አራተኛውን ስሕተት ከመረዳታችን በፊት በቦርዱ ፕሮግራም ሁለት መስመሮችን ቦታ አለዋውጠን ነበር፤ ማሽኑም ሠራ። ሥራውንም «ተፈጽሟል» ብለን አስረከብን። መምህራችን በፊታችን አንዱን መስመር ወደ ታች ባወረዱት ጊዜ ማሽኑ እንደገና ደንቆሮ ሆነ። «ይህ መስመር እዚህ የቆመበት ምክንያት በየትኛው ቦታ ተጽፏል?» ብለው ሲጠይቁን መልስ አልነበረንም።

መስመር ማዛወር ስሕተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። በቅደም ተከተሉ ላይ ያለው ፍላጎት በማንም ዘንድ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ነገ ሌላ ሰው ሌላ መሣሪያ ሲጨምር ያው ስሕተት ይነሣል። ያም ሰው ስሕተቱን በራሱ ሥራ ውስጥ ይፈልጋል፤ ጓደኛችንም ያደረገው ይህንኑ ነው። እውነተኛ ቦርድ ለሁሉም በማይዳረስበት ቦታ ተማሪው የሚማረው ከአስመሳዩ ስለሆነ፤ ሐሰተኛ መሣሪያ ሐሰተኛ ትምህርት ይሰጣል።

ነገሩ ከትምህርት ቤትም ያልፋል። ዛሬ የብዙ ድርጅቶች ሥራ የሚካሄደው ሌሎች ሰዎች ቨርቹዋል ማሽን በሚያንቀሳቅሱበት በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ነው። በእንግዳውና በአስተናጋጁ መካከል ካሉት ግድግዳዎች አንዱ የመሣሪያ አስመሳዩ ፕሮግራም ነው። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ቬኖም ተብሎ የተገለጠው ስሕተት በኪውኤምዩ የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያ ውስጥ ከ2004 ጀምሮ ተደብቆ የኖረ ነበር፤ እንግዳውም በእርሱ በኩል ወደ አስተናጋጁ ሊሻገር ይችል ነበር። ያ ስሕተት የዝግጅት ቅደም ተከተል ሳይሆን ከተመደበለት ቦታ አልፎ የመጻፍ ስሕተት ነበር። ነገር ግን በትንሽ መሣሪያ ውስጥ ያለ ትንሽ ስሕተት ግድግዳውን ሊነድለው እንደሚችል ያሳያል። ከጠፋ መሣሪያ ጋር የቀረ ታይመርም፤ ማለት ሁለተኛው ስሕተታችን፤ ነጻ የወጣን ሜሞሪ የሚነካ ስለሆነ ከዚህ ዐይነት አደጋ የራቀ አይደለም።

5. የምንከተለው ዘዴ

ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚከተለውን እናደርጋለን።

ሀ) በወረቀት ላይ ሦስት ዐምድ እናሰምራለን። በመጀመሪያው የዝግጅቱን ሥራ፤ በሁለተኛው ያ ሥራ ምን እንደሚፈልግ፤ በሦስተኛው ለሌላው ምን እንደሚሰጥ እንጽፋለን። ለምሳሌ «ምልክት መስጠት» የተገጠመ መስመርንና ደምስሶ የጨረሰ ተቆጣጣሪን ይፈልጋል። ይህ ከተጻፈ ሥራው የትኛው ደረጃ ላይ መቀመጥ እንዳለበት ያለ ግምት ይታወቃል።

ለ) በሪያላይዝ ውስጥ ምርመራውን እናስቀድማለን፤ ለሌላው መታየትን እናስከትላለን። ቤቱ ሳይሰናዳ ለእንግዳ በር አይከፈትም። ልኩ ተመርምሮ፤ ሜሞሪው ተይዞ፤ ሁኔታው ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ብቻ ታይመሩ ይጀመራል፤ ፈንክሽኖቹም ይመዘገባሉ። እንዲህ ከሆነ በመካከል ስሕተት ቢገኝ መልሶ የሚፈርሰው ጥቂት ይሆናል።

ሐ) ሁለት መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው ሲፈላለጉ ክበቡን የምንቈርጠው መወለድን ከመገጣጠም በመለየት ነው። በአርም «ቨርት» ቦርድ የፕሮሰሰሩ ሰዓቶች ምልክታቸውን ወደ ተቆጣጣሪው ይልካሉ፤ ተቆጣጣሪውም ምልክቱን ወደ ፕሮሰሰሩ ይልካል። ማን ይቅደም? ቦርዱ ፕሮሰሰሮቹን እውን ያደርጋል፤ ቀጥሎ ተቆጣጣሪውን እውን ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱንም አቅጣጫ ሽቦ ይገጥማል። ሁለቱም ተወልደው ስላሉ ክርክሩ ይቀራል።

መ) ሁሉም መሣሪያ መገኘቱን የሚፈልግ ሥራ ካለ «ማሽኑ ተሰናድቷል» የሚለውን ማስታወቂያ እንዲጠብቅ እናደርጋለን። የቨርት ቦርድ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር የያዙ ሰንጠረዦች ለእንግዳው የሚያዘጋጀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ተጠቃሚው በትእዛዝ የጨመራቸው መሣሪያዎች ከዚያ በፊት አይታወቁም።

ሠ) ማሽኑ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ሲዛወርም ያው ጥያቄ ይነሣል፤ የመሣሪያዎቹ ሁኔታ በተራ ስለሚጫን አንዱ ሲጫን ሌላው ገና ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ከጭነት በኋላ የሚሠራው ፈንክሽን የጎረቤቱን ሁኔታ ማመን የለበትም። የግድ መቅደም ላለበት መሣሪያ፤ ለምሳሌ የሜሞሪ አድራሻ ለሚተረጕመው አዮኤምኤምዩ፤ ኪውኤምዩ በግልጽ የቀዳሚነት ቍጥር ይሰጠዋል። ቅደም ተከተሉ በአጋጣሚ ሳይሆን በጽሑፍ መቆሙን ልብ ይሏል።

ረ) በመጨረሻ እንፈትናለን። የቦርዱን መስመሮች ሆን ብለን እናገለባብጣለን፤ ማሽኑን ደጋግመን ሪሴት እናደርጋለን፤ የተሳሳተ ልክ ሰጥተን በሰላም መከልከሉን እናያለን፤ ስለ መሣሪያው ጥያቄ አቅርበን ማሽኑ ሳይናወጥ መቆየቱን እንመለከታለን። በኪውኤምዩ ውስጥም መሣሪያዎችን ሁሉ በተራ እየፈጠረ እንዲህ የሚጠይቅ መፈተኛ ተሰናድቷል። ፕሮግራሙንም አድሬስ ሳኒታይዘር ከተባለው መመርመሪያ ጋር እናጠናቅረዋለን፤ ነጻ የወጣ ሜሞሪ ሲነካ ወዲያው ይናገራልና።

6. መደምደሚያ

ከአራቱ ስሕተቶቻችን መካከል ብዙ ያስቸገሩን የወደቁት ሳይሆኑ ዝም ያሉት ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ቈጣሪያችን መስመሩ ሳይያያዝ ምልክት ሊሰጥ ቢሞክር ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ሥራው የሦስት መስመር ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ጽፈነው ቢሆን ኖሮ የጓደኛችን ሁለት ሳምንት ባልባከነ ነበር። አባቶቻችን ድስት ጥዶ ማልቀስ የሚሉት ይህን ነው፤ መመጠንና መደቆስ ከመጣድ በፊት ነበር።

ለመምህራችን ጥያቄም መልስ አግኝተናል። ምልክቱ በሦስተኛው የሪሴት ደረጃ የተቀመጠበት ምክንያት በፕሮግራሙ ውስጥ ከመስመሩ በላይ በሁለት ዐረፍተ ነገር ተጽፏል። የጓደኛችን ድራይቨርም እርሱ በመጀመሪያ እንደጻፈው ሆኖ፤ አንድ ፊደል ሳይለወጥበት፤ አሁን ይሠራል።